የቡፌው ሳህን ለማን ነው?



ቡና የምንጠጣበት «ሲኒ» ስሙ የመጣው ከዐረብኛ ነው፤ «ሲኒይ» ማለት «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦች በባሕር የሚመጣላቸውን ያንን ነጭና ስስ ሸክላ በአገሩ ስም ጠሩት፣ ስሙም ከዕቃው ጋር እኛ ዘንድ ደረሰ። ዛሬ ፖርሴሊን የሚባለው እሱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን ከልክለዋል። ስለዚህ በሙስሊም ነገሥታት ገበታ ላይ ያማረም ያልተከለከለም ሆኖ የተገኘው ይህ የቻይና ሸክላ ነበር።

የኢራኑ ንጉሥ ሻህ ዐባስም ብዙ ሰብስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የግል ስብስቡን በአርደቢል ከተማ ለሚገኘው የጥንት አያቱ የሸይኽ ሰፊዩዲን መካነ መቃብር ወቅፍ አደረገው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ የመዘገበው 1,162 ዕቃ ነው፤ የሚበዛው ነጭ ላይ በሰማያዊ የተሳለ። ማስቀመጫ ክፍልም ተዘጋጀለት፤ ግድግዳው እስከ ላይ ድረስ በማሰሮና በብርሌ ቅርጽ እየተቦረቦረ። በዕቃዎቹም ላይ ዐባስ ራሱን «ባሪያ» ብሎ ወቅፍ ማድረጉን የሚናገር ትንሽ ማኅተም ተቀረጸ። (መቃብርን በማክበር ጉዳይ ከሺዓዎች ጋር የምንለያይበት አለ፤ እሱን ዛሬ አላነሳም።)

ወቅፍ የሆነ ንብረት አይሸጥም፣ አይወረስም፣ በስጦታ አይሰጥም። ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሳህን በልጅና በልጅ ልጅ እጅ ተበታትኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ አብዛኛው በቴህራን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ጥቂቱም እዚያው አርደቢል አለ። ማንም ሄዶ ማየት ይችላል። ንጉሡ ለብቻው ይዞት የነበረውን ዛሬ ተማሪም ገበሬም ያየዋል።

እስከዚህ ድረስ ለሻህ ዐባስ ምስጋና እሰጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1637 አርደቢል የደረሰው ጀርመናዊው መንገደኛ አዳም ኦሌአሪዩስ የጻፈው ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ንጉሡና ታላላቅ መኳንንት ወደ ስፍራው ሲመጡ በእነዚያ ዕቃዎች ይስተናገዱ ነበር ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ሸይኹ ራሱ ከትሕትናው የተነሳ ይበላ የነበረው በእንጨት ሳህን እንደነበር ያወሳል። በስሙ ያ ሁሉ ፖርሴሊን የተደረደረለት ሰው የእንጨት ሳህን ነበር ያለው!

ይህን ሳነብ ሳቅሁና ወዲያው አፈርኩ፤ የራሴ ቤት ታወሰኝ። እኛም ሳሎን ውስጥ ባለ መስታወት ቡፌ አለን። ባለፈው ረመዳን አንድ ነጋዴ ወዳጄ ለኢፍጣር ሲመጣ ከቡፌው ወጥቶ ሾርባ ተቀዳለት። በዚያው ምሽት እኔ ዘንድ የሚቀሩት ደረሶች በር አጠገብ ተቀምጠው በፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ጠጡ። ማንም አላዘዘም፤ እንዲሁ ልማድ ሆኖ ነው። እኔም አየሁና ዝም አልኩ። ጾመኛን ማስፈጠር ያለውን አጅር በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። የሁለቱም ጾም አንድ፣ አዛናቸውም አንድ ነበር።

የቡፌ ዕቃ ይጥፋ አላልኩም። ውበት ከአላህ ጸጋ ነው፣ እናቶችም ያንን ዕቃ የገዙት ከአስቤዛ ቆጥበው ነው፣ መንከባከባቸው ያስመሰግናል። የምቃወመው የሳህኑን ክብር እንግዳው ኪስ እያየን መወሰናችንን ነው። ዘበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ከገጠር የመጣው ደረሳ በዚህ ወር በራችንን ሲያንኳኩ የቡፌው ቁልፍ የት ነው?

ዘንድሮ ባለቤቴን አማከርኳት። ጥቂት አሰበችና ቁልፉን ከቡፌው ላይ ተወችው። በሦስተኛው ቀን አንድ ትንሽ ደረሳ ጎድጓዳ ሳህን ሰበረ፤ ከስድስቱ አምስት ቀረ። ልጁ ሊያለቅስ ሲል እሷ ስብርባሪውን እየለቀመች «ሾርባው አቃጠለህ እንዴ?» አለችው።