ዲፈረንሻሉ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ግን በእጃችሁ ይሁን!

መቼም ለዚህ አምድ የሚደርሰው ደብዳቤ አብዛኛው «ተጣልተናል፣ አስታርቀን» የሚል ነው። የዛሬውም የእጮኛሞች ጠብ ነው። ያጣላቸው ግን ሌላ ሴት ወይም ሌላ ወንድ እንዳይመስላችሁ። ዲፈረንሻል ነው!

ደብዳቤውን የላከችልኝ እህታችን አዲስ አበባ ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ናት። ለመጪው ጥር የሠርግ ቀን ቆርጠዋል። እጮኛዋ አንድ አሮጌ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር አለው። ሥራው ሰፈሩ ውስጥ ስለሆነ ከሰኞ እስከ አርብ መኪናዋን የምትነዳው እሷ ናት፤ ከአያት ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አያት። በወር አንድ ቀን ደግሞ እሱ ከጊንጪ ገባ ብሎ ካለው የቤተሰቡ ቀዬ ሄዶ እናቱን ለሕክምና ያመጣል። ባለፈው ክረምት መኪናዋ እናትየውን እንደያዘች ዋልካ ውስጥ ተቀረቀረች። በበሬ ተጎትታ እስክትወጣ ቀኑ መሸ፤ የሐኪም ቀጠሮውም አለፈ።

አሁን ልጁ ዕቁብ ወጣለት። «ዲፈረንሻሉን አስቆልፈዋለሁ» ብሎ ተነሣ። አንዱ ጓደኛው «በይደውና ተገላገል» አለው። ሌላው «አውቶማቲኩን አስገባ» አለው። እሷ «እኔ እንዲህ በተደረገ መኪና ዝናብ ላይ አልነዳም» ስትል፣ እሱ «እናቴን ስለማትወጂ ነው» አላት። አያችሁ? ነገር ከጋራዥ ተነሥቶ የት እንደደረሰ! «ማናችን ነን ልክ?» ትላለች።

እህት ዓለም፣ እኔ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መሐንዲስ አይደለሁም። ነገሩን ግን ለእኔ በገባኝ ቋንቋ ልንገርሽ። አደባባይ ስትዞሪ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ከዞሩ አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተታል። ዲፈረንሻል የተፈጠረው እንዲህ እንዳይሆን ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ እንደ መንገዱ ይዞራል። ችግሩ ጭቃ ላይ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መንሸራተት ከጀመረ እሱ ብቻውን በከንቱ ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የረገጠው ጓደኛው ደግሞ ቆሞ ያየዋል። ፎር ባይ ፎር ብታስገቢም ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ከተንሸራተተ መኪናዋ ባለችበት ትቀራለች። ሎክ ሁለቱን ጎማዎች አስተሳስሮ አብረው እንዲዞሩ ያስገድዳል። ስለዚህ እጮኛሽ ሎክ መፈለጉ ልክ ነው። ጥያቄው የትኛውን ነው።

አንደኛው ብየዳ ነው። ርካሽ ነው፤ ለዘላለም ይቆለፋል። ግን አስፋልት ላይ በእያንዳንዱ ኩርባ ጎማ ይፋቃል፣ አክስል ይጨነቃል፣ መኪናዋም አልታጠፍ ትላለች። ለዕለት መኪና ይህ ጨርሶ አይታሰብም!

ሁለተኛው አውቶማቲክ ነው፤ ዲትሮይት ሎከር የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሁለቱንም ይይዛል፤ ሲታጠፉ በውጭ በኩል ያለውን ጎማ ይለቃል። ጠንካራ ነው፤ ቱቦም ሽቦም አይፈልግም። ነገር ግን የሚይዘውና የሚለቀው በራሱ ጊዜ እንጂ ባንቺ ፈቃድ አይደለም። ሲለቅና ሲይዝ «ቋ!» ይላል። ኩርባ መሐል እግርሽን ከነዳጅ ድንገት ብታነሺ መኪናዋ ወደ ጎን ትገፋሻለች። ቀለበት መንገዱ በዝናብ ሲረጥብ ነዳጅ ካበዛሽ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው ይንሸራተቱና ቂጧ ይዞራል። ፍርሃትሽ እንግዲህ የእናት ጥላቻ አይደለም!

ሦስተኛው ሊሚትድ ስሊፕ ነው። ለከተማ ገራም ነው። ዘይቱ ግን ለእሱ የሚስማማ መሆን አለበት፤ የሚያሠሩት ሳህኖችም በጊዜ ብዛት ይበላሉ። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ወይም እንደዚያ ዋልካ ውስጥ ከዋኘ እርዳታው ትንሽ ነው።

አራተኛው በማብሪያ የሚቆለፈው ነው። በአየር የሚሠራ አለ፤ የአውስትራሊያው ኤአርቢ በዚህ ይታወቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። ማብሪያውን እስክትጫኚ ድረስ መኪናዋ የለመድሻት ናት፤ ጭቃ ሲመጣ ጫን፣ ሲያልቅ ለቀቅ። ዋጋው ግን ይበዛል፤ የአየሩ ኮምፕረሰርና ቱቦ ይፈልጋል፣ ቱቦው ካፈሰሰ አይቆልፍም። ዲፈረንሻሉ ወርዶ ጥርሶቹ በልክ መገጠም ስላለባቸውም ሥራው የሠለጠነ መካኒክ ይፈልጋል። በግምት የሚገጥም ሰው እጅ ከወደቀ ዕቁቡም ዲፈረንሻሉም አብረው ይሄዳሉ።

የኔ ምክር አራተኛው ነው፤ ያውም ለኋላው ብቻ። የፊቱ ሲቆለፍ መሪው ስለሚከብድ ለእናንተ መንገድ ይቆያችሁ። በወር አንድ ቀን፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ የምትፈልጉት ነገር የቀረውን ቀን ሁሉ ሊገዛችሁ አይገባም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን መኪናዋን ፈትሹ። አንዳንድ ላንድክሩዘር ከፋብሪካው ሎክ ወይም ሊሚትድ ስሊፕ ይዞ ይወጣል። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፋችሁ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንሥታችሁ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉ። ሞተር ይጥፋ፣ ፎር ባይ ፎሩ ይውጣ፣ ማርሽ ይግባ። አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ዲፈረንሻሉ ያልተቆለፈ ነው። አልንቀሳቀስ ካለ ተቆልፏል፣ ሊሚትድ ስሊፕ አለው ወይም ከዚህ ቀደም አንድ ሰው በይዶታል! አሮጌ ፎር ባይ ፎር ልትገዙ ያሰባችሁ አንባብያንም ይህችን አትርሱ።

ስትጠቀሙበትም ጭቃው ውስጥ ሳትገቡ፣ ቀስ እያላችሁ ቆልፉ፤ ጎማ እየተሽከረከረ መቆለፍ ጥርስ ይሰብራል። ደረቅ አስፋልት ላይ አትቆልፉ። ጎን ለጎን ባዘቀዘቀ ጭቃ ላይም ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲንሸራተቱ መኪናዋ ወደ ታች ትወርዳለች። በተቆለፈ ዲፈረንሻል አንዱን ጎማ በክሪክ አንሥቶ ሞተር አስነሥቶ ማርሽ ማስገባት ደግሞ አደጋ ነው፤ መሬት የነካው ጎማ መኪናዋን ከክሪኩ ላይ ይጥላታል።

ዕቁቡ ካልበቃስ? ብየዳ አማራጭ አይሆንም። መጀመሪያ ጥርሱ ያላለቀ የጭቃ ጎማ ግዙ። ጎማ ካልያዘ ሎክም አይረዳም፤ መኪናዋ በሆዷ ከተቀመጠችማ የትኛውም ሎክ አያወጣትም። አካፋ፣ ጣውላና ጠንካራ መጎተቻ ገመድ ጫኑ። ክረምት ላይ ደግሞ እናት ከቀጠሮው አንድ ሁለት ቀን ቀድመው ይምጡ፤ እናንተ ዘንድ ይደሩ።

ለአንተ ለሙሽራው አንድ ቃል አለኝ። እጮኛህ «እናትህን አታምጣ» አላለችም። «እኔም በሰላም ልግባ» ነው ያለችው። እናትህን በዋልካው የምታሻግርና እሷንም በዝናብ ከሥራ በደህና የምታስገባ መኪና ማግኘት ይቻላል። ጋራዥ የምትሄዱበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ፤ ማብሪያው የት እንደሚገጠም ደግሞ እሷ ትምረጥ።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!