ገጹን መቅዳት ታማኝነት አይደለም

የሱፐርሂሮ ፊልም በወጣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። ፊልሙ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው ወይስ አይደለም? የልብሱ ቀለም ለምን ተቀየረ? እገሌ የሚባለው ገጸ ባሕሪ የት ገባ? ክርክሩ የሚጦፈው መጽሐፉን እያነበቡ ባደጉት ዘንድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ተመልካች ባትማንንም ሆነ ስፓይደርማንን የሚያውቀው ከፊልም ነው፤ መጽሐፉን በእጁ የያዘው ጥቂት ነው። («ኮሚክ» ሲባል እንኳ ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው የሚያስቅ ሰው ነው።) ግን ጥያቄው መጽሐፉን ላላነበበም ይጠቅማል፤ አንድ ፊልም ለምን ባዶ ሆኖ እንደሚሰማ የሚያስረዳው እሱ ነውና።

ለዚህ ከ«ዋችመን» የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ጸሐፊው አለን ሙር እና ሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ፣ ሁለቱም እንግሊዛውያን፣ በዲሲ ኮሚክስ አማካይነት ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍል ያወጡት ሥራ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው ቀላል ነው። ጭምብል አጥልቆ ሌሊት ወንጀለኛ የሚያሳድድ ሰው በእውን ቢኖር ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር? የመጽሐፉ መልስ አያስደስትም። አንዱ ብቸኛና ጨካኝ ነው፤ አንዱ ያንን ልብስ ካልለበሰ ወንድነቱ ይከዳዋል፤ አንዱ ለመንግሥት የሚገድል ቅጥረኛ ነው፤ አንዱ ደግሞ ዓለምን ለማዳን ሚሊዮኖችን መፍጀት ትክክል ነው ብሎ ያመነ።

መጽሐፉ ግን በታሪኩ ብቻ አይደለም የተደነቀው። አብዛኛው ገጽ እኩል በሆኑ ዘጠኝ ሳጥኖች የተከፈለ ነው፤ ትረካው እንደ ሰዓት ቆጠራ በልክ ይሄዳል። ዶክተር ማንሃተን የሚባለው ገጸ ባሕሪ ያለፈውን፣ ያሁኑንና የሚመጣውን በአንድ ጊዜ ያያል። አራተኛው ክፍል ይህን በቃላት ተናግሮ አያልፍም። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ሳጥኖቹ ሁሉ ዓይኑ ሥር ናቸው፤ 1959 እና 1985 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንባቢው ራሱ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ማንሃተን ያያል ማለት ነው። አምስተኛው ክፍል ደግሞ እንደ መስተዋት የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ አደራደር ከመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር እየተመሳሰለ መሐል ላይ ይገናኛል። ይህን ለማየት ወደ ኋላ መግለጥ ያስፈልጋል። ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ወደ ኋላ የሚገልጥ የለም፤ አንዱ ምስል ሲመጣ ያለፈው ሄዷል።

በ2009 ዛክ ስናይደር ፊልሙን ሲሠራ እንደ እሱ መጽሐፉን ያከበረ ዳይሬክተር ያለ አይመስልም ነበር። ብዙዎቹ ቀረጻዎች ከገጹ እንዳሉ የተነሡ ናቸው፤ የደም ጠብታዋ፣ የሚወድቀው ሰው፣ የተሰባበረው መስተዋት። ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ግን የመጽሐፉ ሐሳብ ተገልብጦ ይገኛል። መጽሐፉ ውስጥ ድብድቡ አጭር፣ አስቀያሚና ትንሽም የሚያሳፍር ነው። በፊልሙ አጥንት ሲሰበር በስሎው ሞሽን ይታያል፤ ተመልካቹ እንዲያጨበጭብ ይጋበዛል። በእነዚህ ሰዎች ጥንካሬ እንዳንማረክ የተጻፈ መጽሐፍ የሚያማርካቸው ፊልም ሆነ። አፍቃሪዎቹ በጊዜው አጥብቀው የተከራከሩት መጨረሻው ላይ የነበረው ግዙፍ ጭራቅ ለምን ቀረ በሚለው ነበር። ጭራቁ ቢቀር ብዙም አይጎዳም ነበር። የጎዳው ያ ስሎው ሞሽን ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ዴመን ሊንደሎፍ ለኤችቢኦ ያዘጋጀው ተከታታይ ድራማ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። ከመጽሐፉ አንድ ትዕይንት እንኳ ልቅዳ ሳይል በ1921 ኦክላሆማ ውስጥ፣ ቱልሳ ከተማ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ በተፈጸመው እልቂት ጀመረ። ሙር ማንነቱን በግልጽ ሳይናገር የተወውን የመጀመሪያውን ጭምብል ለባሽ ደግሞ ፊቱን መደበቅ ግድ የሆነበት ጥቁር ፖሊስ አደረገው። መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። ጥያቄው ግን ያው የመጽሐፉ ጥያቄ ነው፤ ሰው ፊቱን ለምን ይሸፍናል፣ ተሸፍኖስ ምን ያደርጋል? ድራማው 11 የኤሚ ሽልማት ወሰደ፤ ሽልማቱ ባይኖርም ከፊልሙ ይልቅ ለመጽሐፉ የቀረበው እሱ ነው።

ገጹን ራሱን ወደ ስክሪን ማምጣት የሚቻል ከሆነም ያደረገው አኒሜሽን ነው። በ2018 የወጣው «ስፓይደርማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደርቨርስ» የድሮ ርካሽ ኅትመት ነጠብጣብ በፊቶች ላይ እንዲታይ አደረገ፤ ማይልስ በሸረሪቷ ከተነከሰ በኋላ ሐሳቡ በጽሑፍ ሳጥን ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ብልሃት ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነው። ማይልስ ገና ጀማሪ ሳለ በሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አጠገቡ ያለው ልምድ ያለው ፒተር ግን በ24። የልጁ መንተፋተፍ ሳይነገር ይታያል። ይህ መቅዳት አይደለም፤ ኮሚክ በሳጥን የሚሠራውን ሲኒማ በራሱ መሣሪያ መሥራቱ ነው።

እርግጥ የአፍቃሪዎቹ ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ2004 የወጣው «ካትዉመን» ከስሙ በቀር ከመጽሐፉ ምንም አልወሰደም፤ ሴትዮዋ ሴሊና ካይል እንኳ አይደለችም። ፊልሙም መሳቂያ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን «ሎጋን»ም ከተነሣበት «ኦልድ ማን ሎጋን» ከሚባለው መጽሐፍ የወሰደው ጥቂት ነው፤ ያረጀ፣ የደከመ፣ ጥፍሩን ማውጣት የማይፈልግ ሰው። እሱ በቃው፤ ለኦስካር በስክሪፕት ዘርፍ ታጨ። ስለዚህ ምን ያህል ተቀየረ ብሎ መቁጠር ብዙም አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት የቀየረው ሰው መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ገብቶታል ወይ ነው።

ታማኝነት የሚለው ቃል ከተነሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ወገን አለ። ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን በ1938 ከነሙሉ መብቱ የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። በ1978 የወጣው ታላቁ ፊልም ገና ሲታሰብ ሁለቱ አርጅተው ተቸግረው ነበር። ሲግል ጉዳዩን ለጋዜጦች አወጣው፤ ዋርነርም በ1975 ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን ሊጽፍ ተስማማ። የ«ዋችመን» ውል ደግሞ መጽሐፉ መታተም ሲያቆም መብቱ ለሁለቱ እንዲመለስ ያዝዝ ነበር። መጽሐፉ እስከ ዛሬ መታተሙን አላቆመም። ሙር በፊልሙ ላይ ስሙ እንዳይጻፍ ጠየቀ፣ የገንዘብ ድርሻውንም ተወ፤ በፊልሙ ላይ የሚነበበው የጊበንስ ስም ብቻ ነው።

የባትማን ደግሞ ይብሳል። ቦብ ኬን መጀመሪያ የሣለው ጀግና ቀይ ልብስ የለበሰና ደረቅ ክንፍ የተገጠመለት ነበር። ጨለማ ቀለም ይሁን፣ በክንፉ ፈንታ ካባ ይደረግለት፣ ፊቱን የሚሸፍን ይልበስ ያለው ቢል ፊንገር ነው። በ1989ኙ የቲም በርተን ፊልም ላይ ፈጣሪ ተብሎ የተጻፈው ግን ቦብ ኬን ብቻ ነው። የፊንገር ስም በፈጣሪነት እንዲጻፍ የተፈቀደው በ2015 ሲሆን፣ እሱ ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አፍቃሪዎቹ የባትማን ልብስ ጥቁር ይሁን ግራጫ እያሉ ሲሟገቱ ነበር።