ወርቁ ቢያልቅም ጫካው አለ፤ አብረን እንሂድ



ሰሞኑን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ግሬት ፎልስ የእግር ጉዞ ይደረግ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ገሚሱ «ደግ ነው» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «ሳምንቱን ሙሉ ቆመን ስንሠራ ሰንብተን፣ በዕረፍታችን ቀን ጫካ ለጫካ መንከራተት የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ብሏል። እኛ የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች ይደረግ ከሚሉት ወገን ነን። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

ቦታው ሩቅ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የፖቶማክ ወንዝ እዚያ ላይ ዐለት ከዐለት እየተላተመ፣ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ውስጥ 76 ጫማ ቁልቁል ይወርዳል። ከጎኑ ያለው ደልዳላ መንገድ ድሮ በቅሎዎች በቦዩ ላይ ጀልባ የሚጎትቱበት ነበር። የቦዩ ቁፋሮ በ1828 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ጀልባውም እስከ 1924 ሠርቷል። እናቶቻችንና አባቶቻችን በቅሎን ከነጭነቷ እንጂ ጀልባ ስትስብ አላዩምና፣ ለልጅ ልጆቻቸው የሚያጫውቱት ነገር አያጡም።

ወደ ጫካው ገባ ሲሉ ደግሞ የወርቅ ማውጫ ፍርስራሽ አለ። በ1861፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ እዚያ የሰፈረ አንድ ወታደር ወርቅ አገኘ። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1867 ጉድጓድ ተቆፈረ። ከዚያ በኋላ ሥራው አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ኖረ። በ1930ዎቹ የወርቅ ዋጋ ከፍ ሲል እንደገና ተሞከረ፤ በ1940 ገደማ ግን ጨርሶ ቆመ። ዛሬ ጉድጓዱን ዛፍ ከቦታል። ያን ሁሉ ድካም ያፈሰሱት ሰዎች ሄደዋል፤ የቀረው ጥላውና የወፉ ድምፅ ነው። እሱ ደግሞ ለሁላችንም ይበቃል።

ይህ ሸለቆ ራሱ በእግር ጉዞ የዳነ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1950ዎቹ በቦዩ ላይ የመኪና መንገድ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ግን በ1954 «መጥታችሁ በእግራችሁ እዩት» ብለው ጋዜጠኞችን ጋብዘው፣ 184.5 ማይሉን መንገድ ተጓዙ። ከአብረዋቸው ከተነሡት እስከ መጨረሻው የዘለቁት ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም ሐሳቡ ተለወጠ፤ በ1971ም ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እንግዲህ በእግር መሄድ ቅብጠት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

«ደክሞናል» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ሲቆሙ መዋልና መሄድ አንድ አይደለም። መሪ ጨብጦ የሚውለው ወንድማችንም፣ ካሽ ሬጅስተር ላይ የምትቆመው እኅታችንም ይህን ያውቁታል። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን የወላጆቻችን ነገር ነው። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው አፓርታማ ውስጥ ከመስኮት መስኮት ሲመላለሱ ዓመት ያልፋል። አገር ቤት ቤተ ክርስቲያንና ገበያ በእግራቸው ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ግሬት ፎልስ ደግሞ አውቶቡስ አይደርስም። እኛ ካልወሰድናቸው ማን ይወስዳቸዋል? ፏፏቴው ፊት ለፊት የሚያደርሰው ድልድይ በተሽከርካሪ ወንበር እንኳ የሚኬድበት ነውና፣ «እግሬን ያመኛል» የሚሉት እማማም አይቀሩም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። አባቶቻችን «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው። ከላይ ሲያዩት ዝም ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን ጎትቶ ያስቀራል። ዋና የሚችል ጎልማሳም ጭምር፣ ብዙ ሰው አልቆበታል። መዋኘት ቀርቶ እግር መንከርም ክልክል ነው። በሰመር ሙቀት ልጆቻችን ጫማቸውን አውልቀው ዐለቱ ላይ ሲወርዱ «ተዋቸው፣ ይጫወቱ» የሚል ወላጅ እንዳይኖር። የወርቁ ጉድጓድ አጥርም ለጌጥ አልቆመምና ማንም አይሻገረው። መዥገር ስላለ ረጅም ሱሪ ይለበስ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። መኪና ያለው ባዶ ወንበሩን ለጎረቤቱ ያስመዝግብ። በየመኪናው ልጆችን የሚጠብቅ አንድ አዋቂ ይመደብ። ቡናው በፔርሙዝ፣ ዳቦው በመሶብ ይያዝ፤ ቆሻሻችንም ይዘነው እንመለስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ኃላፊነቱ ለሁለት ሦስት ሰው እንዳይቀር አደራ እንላለን።

ስማችሁን ከዚህ ጽሑፍ ሥር በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ጻፉ። የማይስማማም ካለ ምክንያቱን ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንወያይበታለን።

የሰሌዳው አዘጋጆች