አምስት ዓመት ሳይሞላው የሚደርስ መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ብሪታንያ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አሜሪካ፣ ካስጄቪ የተባለውን የሲክል ሴል የደም በሽታ ሕክምና ፈቀዱ። ደም የሚያመነጩት ሴሎች ከታማሚው ይወሰዱና ክሪስፐር በተባለው ዘዴ ዘረመላቸው ተስተካክሎ ተመልሰው ይሰጡታል። ዋጋው በአሜሪካ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ያውም የሆስፒታሉ ወጪ ሳይጨመር። ድሉ እውነተኛ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሥቃይ ሆስፒታል ሲመላለሱ የኖሩ ወጣቶች እፎይ ብለዋል። ፈቃዱ ግን ሲሰጥ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ብቻ ነበር። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ደግሞ ይህን በሽታ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ምርመራና ክትትል ካላገኙ ግማሽ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ የሚበልጡት፣ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ ይገመታል። በዓለም ላይ በሽታውን ይዘው ከሚወለዱት ከአራቱ ሦስቱ የሚወለዱት እዚያው ነው። ስለዚህ ለልጆች የትኛው ሕክምና ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ አስቀድሞ የትኛው በጊዜ ይደርስላቸዋል ብሎ መጠየቅ አለበት እላለሁ።

ሲክል ሴል ያለበት ሕፃን ሲወለድ እንደ ማንኛውም ሕፃን ደህና ነው። በማኅፀን ሳለ ያገለግለው የነበረው የፅንስ ሄሞግሎቢን ገና በደሙ ውስጥ ስላለ ይጠብቀዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋለችው ጃኔት ዋትሰን የተባለች የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የፅንሱ ሄሞግሎቢን እየቀነሰ ቦታውን ለታመመው ይለቃል። ይህኛው ኦክስጅን ሲያጣ እርስ በርሱ ይጋገርና ቀይ የደም ሴሎችን እንደ ማጭድ ያጎብጣቸዋል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይዘጋሉ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የእጅና የእግር እብጠት ነው። የስድስት ወይም የስምንት ወር ሕፃን ጣቶቹ ተድቦልቡለው፣ ሲነኩት እየጮኸ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። በሽታውን ያላሰበ ባለሙያ ቁስል ወይም ስብራት ፈልጎ ያጣና ማስታገሻ ሰጥቶ ይመልሰዋል።

በዚያው ወቅት ጣፊያውም እየተጎዳ ነው። ጣፊያ ሥራውን ሲያቆም ባክቴሪያን የሚያጣራው አካል ስለሌለ፣ ጠዋት ትኩሳት የጀመረው ልጅ እስከ ማታ ላይቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ በቀን ሁለት ጊዜ በአፍ የሚሰጥ ፔኒሲሊን እንዲህ ያለውን ኢንፌክሽን በ84 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ፔኒሲሊን! ያን ጊዜም ቢሆን ያረጀ መድኃኒት ነበር። አሜሪካ ውስጥ አራስ ሕፃናትን ለሲክል ሴል መመርመር እንዲስፋፋ የገፋፋው ይኸው ውጤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በሁሉም ግዛቶች ይደረጋል፤ እዚያ የሚወለዱ የሐበሻ ልጆችም ተረከዛቸው ተወግቶ ይመረመራሉ። በጃማይካ ደግሞ ሐኪሞች እናቶችን በግራ ጎድን ሥር ጣቶቻቸውን አሳርፈው የልጃቸውን ጣፊያ እንዲዳስሱ አስተማሯቸው። ጣፊያው በድንገት ካበጠ ደሙ እዚያ እየተጠራቀመ ነውና እናቲቱ ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ትሮጣለች። በዚህ ችግር የሚሞቱት ልጆች መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ።

ዋናው መድኃኒት ግን ሃይድሮክሲዩሪያ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጥ እንክብል ሲሆን፣ ዋትሰን ያስተዋለችውን የፅንስ ሄሞግሎቢን መልሶ ከፍ ያደርጋል። ካስጄቪም በሚሊዮኖች ዶላር የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ያኛው አንዴ ተሰጥቶ ዘላቂ እንዲሆን የታሰበ መሆኑ ነው። ሃይድሮክሲዩሪያ የአዋቂዎችን ሥቃይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1995 ታውቋል። ለአፍሪካ ልጆች ግን ብዙ ዓመት ተፈርቶ ኖረ። የካንሰር መድኃኒት ነው፣ ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፣ ወባ ያባብሳል ተባለ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ መድኃኒቱ የደም ቆጠራ ክትትል ይፈልጋል። መልሱ የመጣው ሪች ከተባለው ጥናት ነው። በሉዋንዳ፣ በኪንሻሳ፣ በኬንያዋ ኪሊፊና በኡጋንዳዋ ምባሌ ከ600 በላይ ልጆች ሃይድሮክሲዩሪያ ጀመሩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ለመቶ ልጆች በዓመት ሲሰላ የሥቃይ ጊዜያት ከ98.3 ወደ 44.6 ወረዱ፤ ደም መስጠት ከ43.3 ወደ 14.2፣ ሞት ከ3.6 ወደ 1.1። የተፈራው ወባም በግማሽ ቀነሰ።

ስትሮክ ለብቻው መነሳት አለበት፤ ያልታከመ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሊለው ይችላልና። በሀብታም አገሮች የአንጎል ደም ሥር ፍጥነት በአልትራሳውንድ ይለካል፤ በሰከንድ 200 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ በየወሩ ደም ይሰጠዋል። ደም ባንኩ ለወላድ እናት እንኳ በማይበቃበት ቦታ ይህ አይታሰብም። በናይጄሪያ ካኖና ካዱና የተደረገው ጥናት በደሙ ፋንታ ሃይድሮክሲዩሪያ ሰጥቶ፣ ስትሮኩ ካልታከሙ ልጆች ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘው።

የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያድናል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ መቅኔው የሚስማማ ወንድም ወይም እህት ይጠይቃል፤ አንድ ወንድም ወይም እህት የመስማማት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ቮክስሎተር የተባለው አዲስ ክኒንም እ.ኤ.አ. በ2019 ተስፋ ተጥሎበት ወጥቶ በ2024 አምራቹ ራሱ ከገበያ ሰብስቦታል።

ታዲያ ለአዲሱ ምርምር የሚወጣው ገንዘብ ይቁም አልልም፤ የዛሬዎቹ ሕፃናት ግን አይጠብቁም። መንገዱ ደግሞ ተጀምሯል። ኡጋንዳ ለኤችአይቪ ምርመራ ከመላ አገሪቱ ወደ ካምፓላ የመጣውን የሕፃናት የደረቀ ደም ናሙና ለሲክል ሴልም መረመረችበት፤ ወደ 100,000 በሚጠጋው ናሙና 13.3 በመቶው የዘረመሉ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ሕንፃ አላስፈለገም። ዛሬ ከተረከዝ በሚወጣ ጠብታ ደም እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ መመርመሪያም አለ፤ ሕፃኑ በስድስት ሳምንቱ ለክትባት ሲመጣ አብሮ ሊሠራ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ችግር ፋርማሲው ጋ ነው። የተለመደው የሃይድሮክሲዩሪያ እንክብል 500 ሚሊግራም ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኪሎ 20 ሚሊግራም ሲታሰብ በቀን 200 ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ሰው እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን መከፋፈል ወይም በውኃ በጥብጦ መለካት አለበት፤ ያውም ልጆች የሚያድጉበት ቤት ውስጥ እንዲበን የማይፈለግ መድኃኒት። ለሕፃን የሚሆነው የ100 ሚሊግራም ክኒን ተሠርቷል። ወረዳ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ፣ ከፔኒሲሊኑ ጎን፣ በየወሩ ሳይቋረጥ መገኘት ያለበት እሱ ነው።