ችግኝ ቆጠርን፣ ከፍታውንስ?

ተማሪ ሳለሁ ከባህር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ እመላለስ ነበር። ወረታ ላይ ሜዳው የሩዝ ማሳ ነው፤ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል። አለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው መስኮቱ ይዘጋል፣ ሹራብ ከቦርሳ ይወጣል። ግራና ቀኙ እርሻና ባህር ዛፍ ነው። እዚህም እዚያም ግን ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክብ ብቅ ይላል፤ መሀሉ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል። ቤተ ክርስቲያን ነው።

ያኔ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። ደን ደን ነው በቃ! የከተማ ልጅ ዓይን ከዚህ በላይ አያይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣና ዳር ሜዳ ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር 2700 አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ጉና ተራራ ደግሞ ከ4100 ሜትር ያልፋል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ገበሬው ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ከፋፍሎታል። ዛፉም ያውቀዋል። ዋንዛና ሾላ ከታች ይመቻቸዋል። ኮሶ ብርዱን ይፈልጋል። ወደ ጉና አናት ሲቀርቡ አስታ ይመጣል፣ ከዚያም ጅብራ።

የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው ውጤቱን በ2010 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ያገኙት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ነው፤ 160ው ሀገር በቀል ነው። ደኖቹ በከፍታ በተራራቁ ቁጥር የሚጋሩት ዝርያ እያነሰ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ትሉኝ ይሆናል። ይህ ይጠበስ፦ አንድ ትልቅ ደን አጥረን «ደቡብ ጎንደርን አዳንን» ማለት አንችልም። ፎገራ ላይ የጠፋውን የጉና ደን አይተካውም፤ የጉናውንም የፎገራው። ጥበቃው እንደ ደረጃ መታሰብ አለበት፤ ከጣና ዳር እስከ ጉና በየከፍታው ደኖች መጠበቅ አለባቸው። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ዛፎች በዘራቸው አማካይነት ቀስ በቀስ ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋቸዋል። በአንዱ ደንና በሌላው መካከል ግን ያለው እርሻ ነው። አንድ ደረጃ ከጠፋ ዘሩ በምን ይሻገራል?

አሁን ወደ እኛ ጉድ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ነገረን። እኛም ቁጥሩ እውነት ነው አይደለም ብለን ተከራከርን። የሚሻለው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ የቱ ዝርያ? ዘሩ ከየት መጣ? በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ተተከለ? ለ2000 ሜትር የሚስማማ ችግኝ 3000 ላይ ተተክሎ ውርጭ ሲመታው፣ የተተከለበት ቀን ሪፖርት ላይ ግን በሕይወት አለ። ለየከፍታው የሚስማማውን ዘር የያዙት እናት ዛፎች በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመው ሳለ ዘር ከሩቅ ማምጣት ምን ይሉታል?

መፍትሔው የግድ ውድ አይደለም። ዶ/ር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው የድንጋይ አጥር እንዲስፋፋ ሠርተዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳው ይጠራል፣ ከብት ደኑ ውስጥ አይገባም፣ ቡቃያው ያድጋል።

ካህናቱን ለማስተማር የምንንጠራራ የከተማ ልጆች ግን ትንሽ ብናፍር ጥሩ ነው። ይህን ደን ለዘመናት ያቆዩት እነሱና ምዕመኑ ናቸው። በአንዳንዱ ግቢ ባህር ዛፍ የገባው ደብሩ ገቢ ስለሚያስፈልገው ነው። ስለዚህ «አትትከሉ» ከማለታችን በፊት ሌላ ገቢ እንዲያገኙ ማገዝ ይቀድማል። ዛፉ የሁላችንም ከሆነ ወጪውም የሁላችን ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ችግኝ ይዛችሁ ስትወጡ «ስንት ተከልን?» ከማለታችሁ በፊት «እዚህ ከፍታ ላይ ድሮ ምን ይበቅል ነበር?» በሉ። መልሱ ቅርብ ነው። አጠገባችሁ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብታችሁ ቀና በሉ።