ፈተናው ለቅባቱ ነው ወይስ ለጠጉሩ?

ከርዳዳ ጠጉር ያላት አንዲት የዩኒቨርስቲ ምሩቅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተጠራች ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድማ የምትሄደው ወደ ጠጉር ሠሪ ቤት ነው። የትምህርት ማስረጃዋን ከማዘጋጀቷ በፊት ጠጉሯን ትተኮሳለች፤ ወይም በመድኃኒት ታስለሰልሳለች። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት የጽሑፍ ደንብ የለም። ነገር ግን ያልተጻፈ ደንብ ከተጻፈው ይልቅ ሲጠብቅ ይታያል። ወንዱም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ጎፈሬው ያደገ እንደሆነ «ሥርዓት የጎደለው» እንዳይባል ሲል ወደ ጠጉር አስተካካዩ ይሮጣል።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞአል። በየሱቁ መደርደሪያና በየስልኩ መስኮት «ለተፈጥሮ ጠጉር» የተባሉ ክሬሞች፣ ጄሎችና ቅባቶች ተደርድረው ይታያሉ። ወጣቱም አንዱን ገዝቶ ይሞክራል፤ አልሆነልኝም ብሎ ይጥላል፤ ሌላውን ይገዛል። ይህ ሙከራ ቀላል የጌጥ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ጤናን፣ ገንዘብን፣ ይልቁንም የሰውን የሥራ ዕድል የሚነካ ስለሆነ በሚገባ ሊመረመር ያስፈልጋል። ለምርመራውም መነሻ የሚሆነው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፣ የሚፈተነው ማን ነው? ቅባቱ ነው ወይስ ጠጉሩ?

ጠጉር እንደ ተከሳሽ ቆሞ የተፈተነበት ዘመን ሩቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በደቡብ አፍሪካ በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ሰው በዘር እየመደበ ይመዘግብ ነበር። የአንድ ሰው ዘር ያጠራጠረ እንደሆነ ይደረጉ ከነበሩት ፈተናዎች አንዱ እርሳስ በጠጉሩ ውስጥ መሰካት ነበር። እርሳሱ ተንሸራቶ የወደቀ እንደሆነ ሰውየው ከነጮች ወገን ሊቈጠር ይችላል፤ በጠጉሩ ተይዞ የቀረ እንደሆነ ግን ከዚያ ወገን ይወጣል። የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የሚኖርበት ሰፈርና የሚያገባት ሴት ሳይቀሩ በዚሁ ምደባ ይወሰኑ ነበር። ሕጉ በ1991 ተሻረ። ይሁን እንጂ በ2016 በፕሪቶሪያ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች በጠጉራቸው ምክንያት የሚደርስባቸውን ጫና በመቃወም ሰልፍ ወጡ። እንግዲህ ሕጉ ከተሻረ ከ25 ዓመት በኋላ እርሳሱ ተጣለ እንጂ ፈተናው አላለቀም ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካም ቢሆን ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በአላባማ አንዲት ጥቁር ሴት ሥራ ካገኘች በኋላ የተጐነጐነ ድሬድሎክ ጠጉሯን አልቈርጥም በማለቷ ቅጥሩ ተሰረዘባት። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 ነገሩን ተመልክቶ ለአሠሪው ፈረደ። ምክንያቱም የጠጉር አሠራር ሰው ሊለውጠው የሚችል ነገር ስለሆነ ዘርን የሚከላከለው ሕግ አይሸፍነውም የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ በ2019 የካሊፎርኒያ ግዛት በጠጉር ተፈጥሮና አሠራር ምክንያት ሰውን ከሥራና ከትምህርት ማራቅን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ ከ20 የሚበልጡ ግዛቶች ተከተሏት። ለመላው አገር የቀረበው ረቂቅ ግን በ2022 በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቢያልፍም በሴናቱ ሳያልፍ ቀርቷል።

ፍርድ ቤቱ «ሊለወጥ ይችላል» ያለው ነገር በምን ዋጋ እንደሚለወጥ ለማወቅ ግን የጠጉሩን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። የከርዳዳ ጠጉር ሥር በቆዳው ውስጥ ጠመም ብሎ ስለሚገኝ ጠጉሩ እየተጠቀለለ ይወጣል። በአጉሊ መነጽር ቢታይም እያንዳንዱ ዘለላ እንደ ሉጫ ጠጉር ድቡልቡል ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በቀጥተኛው ጠጉር ላይ በቀላሉ ወደ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን በየመታጠፊያው እየቀረ ጫፉ ይደርቃል። ጠጉሩ የሚሰበረውም በነዚሁ መታጠፊያዎች ላይ ነው። ስለዚህ የከርዳዳ ጠጉር ችግር ድርቀት ነው እንጂ መጠቅለል አይደለም።

በተለምዶ ሪላክሰር የሚባለው ማስለስለሻ የሚያክመው ግን ድርቀቱን ሳይሆን መጠቅለሉን ነው። ከነዚህ መድኃኒቶች በብዙዎቹ ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተደፈነ የውሃ መውረጃ ቱቦ ለመክፈት የሚያገለግል ኬሚካል ነው። የጠጉሩን ቅርጽ የያዘውን ማያያዣ ይበጥሰዋል፤ ቅርጹም ወደ ቀድሞው አይመለስም። አዲስ የሚያድገው ጠጉር ግን በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደ ቀድሞው ተጠቅልሎ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ በየ2 ወሩ ገደማ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል፤ ወጪውም፣ ቆዳን ማቃጠሉም እንዲሁ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሊቃውንት በ2022 ያወጡት ጥናት 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 378 ሴቶች በማሕፀን ካንሰር ተያዙ። በጥናቱ ግምት መሠረት ማስለስለሻ ካልተጠቀሙት ሴቶች እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በዚህ በሽታ የሚያዙት ከመቶ 1.64 ሲሆኑ፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ በተጠቀሙት ዘንድ ቍጥሩ 4.05 ይደርሳል። ነገሩን ሳያጋንኑ መናገር ይገባል። እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን ያሳያል እንጂ ጥፋተኛው ይህ ነው ብሎ አይቈርጥም፤ የየትኛው ፋብሪካ ምርት እንደ ሆነም አልለየም። ሆኖም ከመቶ 1.64ና 4.05 መካከል ያለውን ልዩነት አይቶ «ምንም አይደለም» የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2023 ፎርማልዴሃይድ ያለባቸውን ማስለስለሻዎች ለመከልከል ሐሳብ እንዳለው ገልጦ ነበር፤ ረቂቁን ለማቅረብ የቀጠረው ሚያዝያ 2024 ግን ረቂቁ ሳይወጣ አለፈ።

«እንግዲያው ማስለስለሻውን ትቼ ለተፈጥሮ ጠጉር የተሠራውን ልግዛ» የሚል አንባቢ አይታጣም። መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። በጥቁር አሜሪካውያን የጠጉር ዕቃ የታወቁትን ሶፍት ሺንና ካርሰን የተባሉትን ኩባንያዎች በ1998ና በ2000 የገዛቸው የፈረንሳዩ ሎሬአል ነው። ሺያ ሞይስቸር የተባለውን ቅባት የሚሠራውን ድርጅት ዩኒሊቨር በ2017፣ ሚኤል የተባለውን ደግሞ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ2023 ገዙ። ታላላቆቹ ነጋዴዎች ጠጉር ቢተኛም ቢቆምም ያተርፋሉ። «ጠጉርህ ጉድለት አለው» በማለት ይሸጥ የነበረው ገበያ ዛሬ «ጠጉርህ ውብ ነው፤ ነገር ግን ያለ እነዚህ 6 ጠርሙሶች አይሆንም» እያለ ይሸጣል።

ታዲያ ቅባቱ እንዴት ይፈተን? አንደኛ፣ መመዘኛው ይታወቅ። ጥሩ ቅባት ማለት ጠጉሩን ሌላ የሚያስመስል ሳይሆን እርጥበቱን የሚጠብቅና መሰበሩን የሚቀንስ ነው። ሁለተኛ፣ ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። ቅመሞቹ ባመዛኙ በብዛታቸው ቅደም ተከተል የሚጻፉ ስለሆኑ በፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ማር ወይም አቮካዶ ከዝርዝሩ መጨረሻ የተገኘ እንደሆነ የተከፈለው ለስሙ ነው። ዝርዝሩ ጨርሶ የሌለበትን ጠርሙስ መግዛት አይገባም። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሞከር። ክሬሙን፣ ጄሉንና ዘይቱን ባንድ ቀን የጀመረ ሰው የጠቀመውንም ሆነ የጐዳውን መለየት አይችልም። በራስ ላይ ከመደረጉ በፊትም በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጥቂት ቀብቶ 2 ቀን መጠበቅ ብልኅነት ነው። አራተኛ፣ ጠጉሩ እርጥብ ሳለ ይቀባ፤ ዘይትና ቅባት ያለውን ውሃ ይዘው ያቆያሉ እንጂ ራሳቸው ውሃ አይሆኑም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት ነበር። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር አዋሕደው ራስን መቀባታቸው፣ የአፋር ጐልማሶች ጠጉራቸውን በቅቤ እያሳመሩ መጠቅለላቸው፣ የሐመር ሴቶችም ቅቤና ቀይ አፈር መጠቀማቸው ከዚሁ ዕውቀት የመጣ ነው። ተልባ በውሃ ተፈልቶ ሲጠለል የሚወጣው ልጋግ ደግሞ የተጠቀለለውን ጠጉር ቅርጹን ይዞ ለማቆየት የሚያስችል ጄል ነው፤ ቶሎ ስለሚበላሽ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ እንጂ ዋጋው ኢምንት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው ሆኖብን ይህን ትተን ከባሕር ማዶ የመጣውን ብቻ እንፈልጋለን። እርግጥ ነው፣ ቅቤ ሽታ አለው፤ ለቢሮ አይመችም የሚሉም አሉ። የአገሩ ሁሉ መልካም ነው ማለታችንም አይደለም፤ እርሱም በዚያው መመዘኛ ይፈተን።

ለወጣት ሹማምንት ግን አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ዛሬ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠው የሚጠየቁት ነገ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጠው ይጠይቃሉ። በዚያን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ የተያዘ ጎፈሬ ወይም ሹሩባ ያላት አመልካች ስትገባ በሆዳቸው ነጥብ የሚቀንሱ ከሆነ የደቡብ አፍሪካውን እርሳስ በእጃቸው ይዘዋል ማለት ነው። ንጽሕናን መጠየቅ የመሥሪያ ቤት መብት ነው፤ ተፈጥሮን መጠየቅ ግን አይደለም። ልጅቱ በችሎታዋ ትፈተን፤ ቅባቱም በሥራው ይፈተን፤ ጠጉሩ ግን ፈተናውን ጨርሷልና በነፃ ይሰናበት።