አስታማሚውንስ ማን ያስታምመው?

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንድ አዛውንት የቤታቸው መንገድ ሲጠፋቸው፣ የልጆቻቸው ስም ሲደበላለቅባቸው ወይም ምሳ በልተው ሲያበቁ ‹‹ማን አበላኝ?›› ሲሉ የጎረቤቱ መልስ ተመሳሳይ ነው፡፡ ‹‹ጃጅተዋል፣ ዕድሜ ነው›› ይባላል፡፡ ይህች ቃል ሁለት ነገር ትሸፍናለች፡፡ አንደኛው በሽታው ነው፡፡ ሁለተኛው ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋው አስታማሚ ነው፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፡፡ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው፡፡ ቤተሰብና ወዳጅ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት በማስታመም ያሳልፋሉ፤ ከዚህ ሰዓት 70 በመቶው በሴቶች ላይ ይወድቃል፡፡

የእኛም አገር ሁኔታ ከዚህ አይለይም፡፡ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ አዳማና አዲስ አበባ ቢቀራረቡም፣ አዲስ አበባ የሚሠራው ልጅ ገንዘብ ሲልክ እቤት የምትቀረው ሚስት፣ ሴት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ናት፡፡ የባቱ የአበባ እርሻዎች ሠራተኞች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፡፡ እናቷን ለማስታመም ከሥራ የቀረች ሠራተኛ ደመወዟን፣ ከዚያም እንጀራዋን ታጣለች፡፡

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፡፡ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የሚፈቅደው ግን ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ሲሆን፣ ያም በበጀት ዓመቱ ከ2 ጊዜ አይበልጥም፡፡ ለዓመታት ለሚቆይ ሕመም ይህ ምንም ማለት አይደለም፡፡ ሕጉም እንደ እድራችን ቶሎ የሚደርሰው ለሞት ነው፡፡

ድካሙ ሲጠራቀም አስታማሚው ራሱ ሕመምተኛ ይሆናል፡፡ እንቅልፍ ማጣት፣ ድባቴና ያልታከመ ደም ግፊት ይከተላሉ፡፡ ስለዚህ ራስን መጠበቅ ቅንጦት ወይም ክህደት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፡፡ ሌሊቱን በተራ መጠበቅ፣ የራስን የሕክምና ቀጠሮ አለማሳለፍ፣ የረሳን ሰው ‹‹አሁን ነገርኩህ እኮ!›› ብሎ አለመሟገት መጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ናቸው፡፡ ከቤት ወጥተው የሚጠፉ አዛውንት ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ለሰፈሩ የባጃጅ ሾፌሮችም መንገር በአዳማ ሙቀት ሕይወት ያድናል፡፡ ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል፡፡ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ድባቴ መርሳትን ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ፡፡

ይሁን እንጂ ምክር ብቻውን እጅ አይሆንም፡፡ ብቻዋን ለምታስታምም ሴት ‹‹ዕረፍት አድርጊ›› ማለት የሚተካት ሰው ከሌለ ፌዝ ነው፡፡ ተተኪ ለማቅረብ ከእድር የቀረበ ተቋም የለንም፡፡ አባላቱን በስም ያውቃል፣ ሰው በአንድ ጥሪ ያሰባስባል፣ ቤት ለቤት ይገባል፡፡ ‹‹የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው›› የሚሉ ሽማግሌዎች እንደሚኖሩ ግልጽ ነው፡፡ ነገር ግን ኤች አይ ቪ ቤቶችን ባራቆተበት ዘመን በአዲስ አበባ ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ የደገፉ እድሮች ነበሩ፡፡ አሁን የሚጠየቀው ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ሰዓት ነው፡፡ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ሁለት አባላት ተራ ቢገቡ አስታማሚዋ ትተኛለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትደርሳለች፡፡

የመንግሥትም ድርሻ አለ፡፡ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ አዛውንቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አስታማሚዋም ጤና ቢጠይቁ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም፡፡ አሠሪዎችም ሕጉ እስኪሻሻል ሳይጠብቁ በኅብረት ስምምነት የማስታመሚያ ፈቃድ ሊሰጡ ይችላሉ፡፡

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፡፡ ድንኳን ለመጣል የሚሰበሰበው ጉልበት ጥቂቱ እንኳ ቀደም ብሎ ቢደርስ፣ የአዛውንቱ የመጨረሻ ዓመታት ይከበራሉ፤ የአስታማሚዋም ሕይወት ይተርፋል፡፡